አንቷን ዳባዲ፤ የኢትዮጵያን ተራሮች የለካው የሥነ ፈለክ ሊቅ

ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ስለ አገሪቱ የጻፉ የውጭ አገር መንገደኞች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ ያዩትንና የሰሙትን ሲተርኩ፤ አገሪቱን በኮከብና በማዕዘን የለኩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህም ጥቂቶች መካከል ግንባር ቀደም ሆኖ የሚገኘው ሒሳብን ለምድር ልኬት ያዋለው ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንቷን ዳባዲ ነው። በዚህ አጭር ጥናት የሰውየውን ሕይወትና ሥራ ባጭሩ ገልጸን፤ የዋግን ምድር ለሚያጠና ተማሪ ምን ትምህርት እንደ ተወለት ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ዳባዲ ጥር 3 ቀን 1810 በአየርላንድ ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ከባስክ አገር የመጣ ሰው ሲሆን፤ እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። በልጅነቱ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ትምህርቱን በዚያ ተከታተለ። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የኮምፓስ መርፌ በየዕለቱ የሚያደርገውን ጥቂት ዘንበል ማለት እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው። ይህን ፈጽሞ እንደ ተመለሰ፤ በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አርኖ ከጎጃሙ ገዥ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጅቶ በጦርነት ሲውል፤ አንቷን ግን ከመሣሪያውና ከመጽሐፉ አልተለየም። እስከ 1848 ድረስ፤ በመካከሉ ወደ ኤውሮጳ ከመመለሱ በቀር፤ ሲመላለስና ሲለካ ቈየ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር፤ ደጃዝማች ውቤ በሰሜንና በትግራይ፤ ዋግሹሞች ደግሞ በዋግ ይገዙ ነበር። አንዱ የሚገዛውን አገር አልፎ ወደ ሌላው ለመግባት ፈቃድና ሸኚ ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በኤውሮጳ እንደሚደረገው ሁሉ በሜዳ ላይ ሰንሰለት ዘርግቶ አገር መለካት የማይታሰብ ነገር ነው። የሰዓት ችግርም ነበረ። ምሥራቅና ምዕራብን በትክክል ለማወቅ ፈጽሞ የማይዛባ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በበቅሎ ተጭኖ ገደል የሚወርድ ሰዓት ግን ብዙ አይታመንም። ስለዚህ ዳባዲ እርሱ ራሱ «ፈጣን የምድር ልኬት» ብሎ የጠራውን ዘዴ አዘጋጀ።

ዘዴውን ለመረዳት የራሳችንን ምሳሌ ከአምደወርቅ ደጋ እንውሰድ። ክረምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ለኪ በደሃና ከፍታ ላይ ቆሞ ከተከዜ ማዶ ወደ ሰሜን ተራሮች ይመለከታል እንበል። በመጀመሪያ ሌሊት አንድ የታወቀ ኮከብ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለክቶ ቦታው ከምድር ወገብ በስንት ዲግሪ እንደሚርቅ ያሰላል። ሲነጋ በቴዎዶሊት አንዱን ጫፍ አነጣጥሮ ከትክክለኛው የሰሜን አቅጣጫ በስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ይጽፋል። ቀጥሎ ወደዚያው ጫፍ ሄዶ በዚያም ኮከብ ይለካል። የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት ግማሽ ዲግሪ ቢሆን ወደ ሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። መሥመሩ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ከሆነ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 78 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ሒሳቡ ይነግረዋል። ከዚህ በኋላ ከሁለቱም ቦታ የሚታይ ሦስተኛ ተራራ ሁሉ፤ እግር ሳይረግጠው፤ በሁለቱ ማዕዘኖች ብቻ በካርታው ላይ ስፍራውን ያገኛል። ከፍታውንም ለመገመት ውኃ ማፍላት ይበቃል፤ ወደ 300 ሜትር ያህል በወጣን ቍጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳልና።

ነገር ግን ማዕዘን ብቻውን ካርታ አይሆንም። ተራራው ማን ይባላል? ወንዙስ? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ኮከብ ሳይሆን የአገሩ ሰው ነው። አንዱ ተራራ ከወዲህ በአንድ ስም፤ ከወዲያ በሌላ ስም መጠራቱም የተለመደ ነው። ዳባዲ ይህን ስለ ተረዳ የአገሩን ቋንቋዎች አጠና፤ በጎንደርም እንደ ሊቅ አጽቁ ካሉ ሊቃውንት ጋር ተወዳጀ። በ1881 በፓሪስ ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የዚሁ ትጋቱ ፍሬ ነው። የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍትም ዝርዝራቸው በ1859 የታተመ ሲሆን፤ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

እንዲህ ያለው ጥንቁቅ ሰው ታዲያ በአንድ ታላቅ ጉዳይ ተሳስቷል። በ1843 በእናርያ በኩል አልፎ ከፋ ደረሰ፤ በ1846 ደግሞ ከወንድሙ ጋር የግቤን ምንጭ ጎበኘ። ከዚያም ይህ ወንዝ የነጭ ዓባይ መነሻ ነው ብሎ ለኤውሮጳ አስታወቀ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ አጥብቆ ተቃወመው፤ እንዲያውም ከፋ መድረሱን እስከ መጠራጠር ሄደ፤ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሸለመውንም ሜዳይ መለሰ። በመጨረሻ ግቤ ወደ ኦሞ፤ ኦሞም ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፤ ማለትም ዛሬ ቱርካና ወደምንለው፤ እንደሚፈስ ታወቀ። የጣልያናዊው የቦቴጎ ጉዞ ይህን ያረጋገጠው በ1896 ነው። የስሕተቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ዳባዲ የላይኛውን ግቤ በዓይኑ አየ፤ የታችኛውን ግን አላየም። ያላየውን በወሬና በግምት ሞላው።

በዚሁ አንጻር ልኬቱን ስንመለከት ፍርዱ ሌላ ይሆናል። ከራዱ ጋር ሆኖ ከ1860 እስከ 1873 ያሳተመው «የኢትዮጵያ የምድር ልኬት» የተባለው መጽሐፍ፤ በየተራራው ላይ የተነበቡትን ማዕዘኖችና የሒሳቡን አካሄድ ስለሚያቀርብ፤ የሚጠራጠር ሁሉ እንደ ገና አስልቶ ሊመረምረው ይችላል። በክርክር ጊዜ ምስክር የሆነው የሰውየው ክብር ሳይሆን ይህ ቍጥር ነው።

ከአገራችን ከወጣ በኋላም ከሥራው አላረፈም። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1882 ዝሁራ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት እስከ ሃይቲ ተጓዘ፤ በ1892 አካዳሚውን በፕሬዚዳንትነት መራ። በአንዳይ አጠገብ በባሕር ዳር ባሠራው ግንብ ውስጥ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎችን አሣለ፤ የኮከብ መመልከቻም አቋቋመ። ግንቡን ለአካዳሚው ሲያወርስ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅለት አዘዘ። መጋቢት 19 ቀን 1897 በፓሪስ ሞተ።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። ዛሬ የአንድን ቦታ አቀማመጥ በሳተላይት ማወቅ የደቂቃ ሥራ ነው። ሳተላይት ግን የተራራውን ስም አያውቅም፤ በዋግ በአማርኛና በኽምጣኛ የሚነገሩት የኮረብታ፤ የምንጭና የገደል ስሞች ከሽማግሌዎች ጋር እንዳይቀበሩ መጻፍ ያለበት የአገሩ ተማሪ ነው። ሲጽፍም በአንድ ዓምድ ራሱ ያየውንና የለካውን፤ በሌላው የሰማውን ከነገረው ሰው መንደር ጋር፤ በሦስተኛው የገመተውን ለይቶ ያስፍር። ዳባዲ ሦስቱን በለየበት ሥራው ዛሬም ይጠቅመናል፤ ባቀላቀለበት በግቤ ጉዳይ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ሰውን አከራከረ።