ዑደትና አደባባይ

በላስታ ምድር፣ ቀድሞ ሮሃ ትባል በነበረችው በላሊበላ ከተማ፣ የዛግዌው ንጉሥ ቅዱስ ላሊበላ ከወጥ ዓለት ያስፈለፈላቸው አብያተ ክርስቲያናት በተወሱ ቁጥር፣ ሰው የሚያደንቀው ሕንፃውን እንጂ በሕንፃው ዙሪያ ያለውን ባዶ ስፍራ አይደለም። ነገር ግን ጠራቢዎቹ ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ጊዮርጊስን ከዓለቱ የለዩት ያን ዙሪያ ቆርጠው በማውጣት ነው። በአገራችን ታቦት በሚወጣበት በዓል ካህናትና ምእመናን ቤተ ክርስቲያኑን በዑደት ሲዞሩ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ዘግይቶ ከደጅ የደረሰውም ሰልፉን አቋርጦ አይገባም፣ አሳልፎ ከኋላ ይከተላል እንጂ።

መኪና በዓለም በበዛ ጊዜ፣ ብዙ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ግጭትን ለማስቀረት ሊቃውንት ያሰቡት መላ ይኸው ዙሪያውን መሄድ ነበር። በኒው ዮርክ የኮሎምበስ አደባባይ እ.ኤ.አ. በ1905፣ በፓሪስም የኤትዋል አደባባይ በ1907 ተሽከርካሪ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እንዲዞርባቸው ተደረገ። ዙሪያው ቢሠራም ሥርዓቱ ገና አልተሟላም ነበር፤ በፈረንሳይና በሌላም አገር ቅድሚያው የገቢው ስለ ነበረ፣ የሚገባው እየበዛ በውስጥ ያለው መውጫ እያጣ አደባባዩ ይታፈን ነበር። እንግሊዞች ገቢው በውስጥ ለሚዞረው እንዲያሳልፍ እ.ኤ.አ. በ1966 በሕግ እስኪደነግጉ ድረስ ስድሳ ዓመት አለፈ። የላስታ ልጅ በሕፃንነቱ ከዑደት የሚማረውን ነገር ለማግኘት ስድሳ ዓመት!

ወደ እኛ አገር አውቶሞቢል የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ለብዙ ጊዜም የሚነዳው በግራ ነበር። ስለዚህ በአራት ኪሎም ሆነ በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ ተሽከርካሪው ማዕከሉን በስተቀኙ አድርጎ ይዞር፣ ለመግባት የሚጠብቀውም ዓይኑን ወደ ቀኝ ይሰድ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ግን፣ ስዊድን ተመሳሳይ ለውጥ ከማድረጓ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ መንዳት ተሻገረች፤ ሐውልቱ ከሾፌሩ በስተግራ ዋለ፣ ዓይኑም ወደ ግራ መዞር ግድ ሆነበት። አንድ ድንጋይ ሳይነሣ የሰው ልማድ ብቻ መገልበጡን ከሠራነው ትልቅ ሥራ እቈጥረዋለሁ።

ላሊበላ ከዚህ ሁሉ ርቃ ኖራለች። ጣሊያን በወረራው ዘመን በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ አስመራ የሠራው መንገድ በስተምሥራቋ አለፈ፤ እርሷ በበቅሎ የምትደረስ ሆና ቆየች። ዛሬ ግን ከጋሸና የሚገነጠለው መንገድ መኪናን ያደርስባታል፣ በከተማዪቱም ባጃጅ ይመላለሳል፤ በተራራ ጥምዝ ላይ መንዳት የለመደው የላስታ ወጣትም ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሲወርድ ገደል በሌለበት አደባባይ ሲደናገር ይታያል። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የትምህርቱ ነው፤ ደንቡን በቃሉ አስጠንተውት ምክንያቱን አልነገሩትምና።

እንግዲህ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኞች ሆይ፣ ለማጁን መሪ ከማስጨበጣችሁ በፊት ይህን ታሪክ ንገሩት። ከአደባባዩ ሳይደርስ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ የሚይዘውን ረድፍ ከመግባቱ በፊት ይምረጥ፤ በስተግራው እየዞረ የሚመጣውን ያሳልፍ፤ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ ከከባድ መኪና ጎን አይለጠፍ፤ ሲወጣም የቀኝ ፍሬቻውን ያብራ።