ቫዮሊንና እንጀራ

ፓጋኒኒን የማያውቅ የለም። ሙዚቃውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ነው ቫዮሊን የቻለው መባሉን ሰምቷል። ለብቻው ቆሞ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ስለሚያስጨበጭበው ሰው ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። አራት ሆነው ተቀምጠው ስለሚጫወቱት ግን ማን ጻፈ? ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ፤ ከፊታቸው በትር ይዞ የሚመራቸው የለም፣ ከኋላቸው የሚያጅባቸው የለም። ፈረንጆቹ ኳርቴት ይሉታል። የተጀመረው በትልቅ አዳራሽ ሳይሆን በሰው ቤት ስለሆነ እኛ የእልፍኝ ሙዚቃ ብንለው ከስሙ ብዙም አንርቅም። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ይህ ነገር እንዴት የሙያ ሥራ እንደሆነ ነው። እልፍኝ ውስጥ መጫወት አንድ ነገር ነው፤ በዚያ እንጀራ መብላት ሌላ ነገር ነው። ቦታው ቪየና ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢግናዝ ሹፓንዚግ በ1776 በዚያው በቪየና ተወለደ። አባቱ የጣልያንኛ ቋንቋ አስተማሪ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ቪዮላ ይጫወት ነበር፤ ኋላ ወደ ቫዮሊን ዞረና ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ዓርብ ዓርብ ጠዋት በልዑል ሊኽኖቭስኪ ቤት ኳርቴት መጫወት ጀመረ። በዚያ ቤት ከሚመላለሱት መካከል አንድ ፊቱ የማይፈታ ከቦን የመጣ ወጣት ነበር፤ ቤቶቨን። ሹፓንዚግ ለጥቂት ጊዜ ቫዮሊን አስተማረው። ሰውዬው በጣም ወፍራም ነበርና ቤቶቨን መቀለጃ አደረገው፤ በ1801 ስለ ውፍረቱ አጭር የቀልድ መዝሙር ሳይቀር ደርሶለታል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ይህን ወፍራም ሰው ከቤቶቨን ሕይወት ብናወጣው ግን ትልቅ ቀዳዳ ይቀራል።

መቼም በዚያ ዘመን ሙዚቀኛ ማለት የጌታ ቤት ሰው ማለት ነበር። ታላቁ ሃይድን እንኳ በኤስተርሃዚ ልዑላን ቤት የቤቱን የደንብ ልብስ ለብሶ ነው ያገለገለው። ኳርቴትማ ከዚህም የባሰ ነበር፤ መኳንንቱና ወዳጆቻቸው ከምሳ በኋላ ለራሳቸው ደስታ የሚጫወቱት እንጂ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ወንበር ይዞ የሚሰማው አልነበረም። ሹፓንዚግ ያደረገው አዲስ ነገር ይኸው ነው። በ1804 መጨረሻና በ1805 መጀመሪያ ክረምት አራት ሆነው የሚጫወቱበትን ተከታታይ ዝግጅት አሰናድቶ፣ አስቀድሞ ለተመዘገበና ለከፈለ ሰው ሁሉ በሩን ከፈተ። ልዑል መሆን አያስፈልግም፤ ገንዘቡን መያዝ ይበቃል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዚህ ሙያ የሚኖሩ ኳርቴቶች የቆሙት ግን በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

በዚያው ከተማ በዚያው ዘመን ሌላ ሰው ነበር፤ ፍራንዝ ክሌመንት። በልጅነቱ እስከ ለንደን ድረስ ሄዶ ጉድ ያሰኘ፣ ጎልማሳ ሲሆንም የአንድ ትልቅ ቲያትር ኦርኬስትራ መሪ ቫዮሊን ተጫዋች። ቤቶቨን ብቸኛውን የቫዮሊን ኮንቼርቶ የጻፈው ለእሱ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1806 ለሕዝብ ሲቀርብ ኖታው የደረሰው በመጨረሻው ሰዓት ስለነበር፣ ክሌመንት ሳይለማመደው ተጫወተው ይባላል። በዚያው ምሽት ደግሞ ቫዮሊኑን ገልብጦ ይዞ፣ በአንድ ክር ብቻ የራሱን ድርሰት አሰማ! (ማሲንቆ ለለመደ ጆሮ አንድ ክር ብርቅ አይደለም፤ ቪየናዎች ግን ተደነቁ።) ስለ ኮንቼርቶው አንድ የጊዜው ሐያሲ ሐሳቡ ይበጣጠሳል፣ ተራ ነገር ይደጋግማል ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ይህ ሥራ ለብዙ ዓመታት ብዙም ተጫዋች ሳያገኝ ቀረ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። ችሎታ አልጠፋም፤ ድርሰቱም ድርሰት ነው። የጠፋው የልምምድ ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ በነፃ አይገኝም፤ አንድ ሰው ይከፍልበታል። ከፈተና በተረፈች ሰዓት ግጥምና አጭር ልብ ወለድ ለምንሞክር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

ለሹፓንዚግ ጊዜውን የገዛለት ኮንት ራዙሞቭስኪ ነው። በቪየና የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ይህ ባለጸጋ በ1806 ለቤቶቨን ሦስት ኳርቴቶች አዝዞ ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። አራቱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ሲያዩዋቸው ግራ ገባቸው፤ ቤቶቨን እየቀለደብን ነው ያሉ እንደነበሩም ይነገራል። በ1808 ራዙሞቭስኪ ሹፓንዚግን ጠርቶ የራሴ የምለው ኳርቴት አቋቁምልኝ አለው። ሁለተኛ ቫዮሊን ሉዊ ሲና፣ ቪዮላ ፍራንዝ ቫይስ፣ ቼሎ ዮሴፍ ሊንከ ሆኑ። ኮንቱ ራሱም ሲያሰኘው ሁለተኛውን ቫዮሊን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ዋናው ነገር ግን ውሉ ነው፤ ተጫዋቾቹ የዕድሜ ልክ አበል ተቆረጠላቸው። ሌላ ሥራ ፍለጋ መሮጥ ቀረ። ቤቶቨን የጻፈው ሁሉ ቀለሙ ሳይደርቅ እዚያ ቤት ይሞከር ነበር፤ ይኼ አይሆንም፣ ይኼን ቀስ አድርጉት፣ እንደገና! ይህን ያህል የተመቸው የድርሰት ደራሲ በታሪክ ብዙ የለም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የመኳንንቱን ዘመን ማንም አይናፍቅም፤ ሆኖም የዚህ ሰው ገንዘብ የት እንደዋለ ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪክ መስረቅ ነው።

ታዲያ በአንድ ሰው ኪስ ላይ የቆመ ነገር ምን ዋስትና አለው? ታኅሣሥ 31 ቀን 1814 ለአዲስ ዓመት ዋዜማ የራዙሞቭስኪ ቤተ መንግሥት ተቃጠለ። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ የአውሮፓ ነገሥታት ለጉባኤ ቪየና የተሰበሰቡበት ወቅት ነበርና ያን እሳት ያላየ የለም። መጻሕፍቱም፣ ሥዕሉም፣ ሐውልቱም ብዙው ጠፋ፤ ኮንቱም ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። በ1816 ኳርቴቱ ተበተነ። ሹፓንዚግ ቫዮሊኑን ይዞ ወደ ሩሲያ ተሰደደና ሰባት ዓመት ያህል እዚያ የቤቶቨንን ሥራ ሲያሰማ ኖረ።

በ1823 ሲመለስ ያገኛት ቪየና ሌላ ነበረች። ቤቶቨን ጨርሶ መስማት ተስኖታል። ሹፓንዚግ ኳርቴቱን እንደገና ሰበሰበ፤ ቫይስና ሊንከ ተመለሱ። በ1824 መጋቢት የሹበርትን ኳርቴት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሰሙ፤ ሹበርትም ያንን ሥራ ለሹፓንዚግ አበረከተለት። አሁን ግን አበል የሚቆርጥ ጌታ የለም። ሁለተኛው ቫዮሊን ካርል ሆልዝ ቀን ቀን የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ሊንከ በቲያትር ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወታል። በዚህ ላይ ቤቶቨን ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ከባድ ኳርቴት ጽፎ ሰጣቸው፤ ቁጥሩ 127 የሆነውን። ኖታው እጃቸው የገባው ዝግጅቱ ሲቃረብ ነበር። ቤቶቨን ቀልድም ቁም ነገርም በሆነ አነጋገር፣ የተቻለንን ሁሉ እናደርጋለን ብለው በክብራቸው እንዲምሉ ወረቀት አዘጋጅቶ አራቱንም አስፈረማቸው። መጋቢት 6 ቀን 1825 ቀረበ፤ ከሸፈ። ሕዝቡ ግራ ተጋባ፣ ቤቶቨን ተቆጣ፣ ሥራውን ነጥቆ ለዮሴፍ ቦም ሰጠው።

ቦም የቪየና ኮንሰርቫቶሪ የቫዮሊን መምህር ነበር። ሲለማመዱ ቤቶቨን አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር፤ ድምፁን ስለማይሰማ ዓይኑን ከደጋኖቻቸው ላይ አይነቅልም። ደጋኑ ሲፈጥን ሲዘገይ እያየ ብቻ ስሕተቱን ያርም ነበር ሲል ቦም ራሱ ተርኳል። በመጨረሻው ክፍል ላይ ቀስ እንዲሉ የተጻፈውን ቦታ ቦም ሳይዘገይ አለፈው፤ ቤቶቨን ከማዕዘኑ ሆኖ አየና እንደዚሁ ይሁን አለ። ደጋግመው ተለማምደው ሲያቀርቡት ያው የከሸፈው ሥራ ጭብጨባ አገኘ።

ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ሹፓንዚግ አርጅቶ ነበር፣ ወፍሮ ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ነበር ይላል። ጣቱ ትንሽ ከድቶት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት ቀን ፋይል ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ከሚመጣው ሆልዝ ጋር ነው ያለው። ደግሞም ከባዱን መሸከም አልቀረለትም፤ በ1826 መጋቢት ታላቁ ፉጋ ያለበትን ኳርቴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው እሱ ነው። ሕዝቡ መካከለኛዎቹን ክፍሎች ይደገም ብሎ አስደገመ፤ ፉጋውን የተረዳ አልነበረም። አሳታሚው ለምኖ ፉጋው ለብቻው እንዲታተም ተደረገ።

ቤቶቨን በ1827 መጋቢት ሞተ። ዓመት በሞላው በ1828 መጋቢት ፓጋኒኒ ቪየና ገባ። ከተማዋ አበደች። ቆቡም፣ ጓንቱም፣ ምግቡም በስሙ ተጠራ፤ የቲኬቱ ዋጋ አምስት ጉልደን ነበርና ሕዝቡ የአምስት ጉልደኑን ገንዘብ ራሱ በፓጋኒኒ ስም ይጠራው ጀመር። የሚገርመው ፓጋኒኒ ራሱ ለብቻው ሲሆን የቤቶቨንን ኳርቴቶች ከወዳጆቹ ጋር መጫወት ይወድ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ከዚያ እንደማይመጣ ያውቃል። ሹፓንዚግ በ1830 ሞተ። ክሌመንት በ1842 ከነዝናው ተረስቶ በድህነት አለፈ።

ከክሌመንት ሞት ሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 27 ቀን 1844፣ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሜንደልሶን በሚመራው ኦርኬስትራ ፊት ለንደን ላይ ቆሞ ያንን የተረሳ ኮንቼርቶ ተጫወተው። ልጁ ዮሴፍ ዮአኪም ይባላል፤ ያስተማረው ቦም ነው። ያ ምሽት ኮንቼርቶውን ከመቃብር አወጣው። ዮአኪም ለብቻው በመጫወት ብቻ ዕድሜውን ሙሉ ሊከብር ይችል ነበር። በ1869 ግን በርሊን ላይ አዲስ የተከፈተውን የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲመራ ተሾመና በዚያው ዓመት ኳርቴት አቋቋመ። ኳርቴቱ ዮአኪም በ1907 እስኪሞት ድረስ፣ ሰው ቢቀያየርም፣ ሳይበተን ቆየ፤ የቤቶቨንን የመጨረሻ ኳርቴቶች ከአገር አገር ይዞ ዞረ። አብረውት ለረጅም ዓመታት ከተቀመጡት አብዛኞቹ በዚያው ትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ፤ ደመወዛቸው ከዚያው ይመጣል፤ ከክፍል ሲወጡ ተገናኝተው ይለማመዳሉ። በዚህ ኳርቴት ሁለተኛ ቫዮሊን የያዘው ሰው ቀን ቀን ፋይል አያገላብጥም ነበር።