የወሎ ቅኝቶች ስሌት

የኢትዮጵያ ዓለማዊ ዜማ ከሚመላለስባቸው አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። ባቲ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደጋን በኩል ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኙበት የሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለ ተራራና በዙሪያው ያለው አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ውል የተፈረመባት ውጫሌም በዚያው ትገኛለች። የቀሩት ሁለቱ ትዝታና አንቺ ሆዬ ናቸው። አራቱም ስሞች መጀመሪያ የዘፈን ስሞች ነበሩ። አዝማሪው «ባቲን» ወይም «አምባሰልን» ለመጫወት ክራሩን የሚቃኝበት መንገድ በጊዜ ብዛት የዘፈኑን ስም ወረሰ፤ ሌላ ግጥምና ሌላ ዜማ በዚያው ቃኝቶ ሲዘፈንም ስሙ አልተለወጠም። በወሎ መንዙማ ውስጥም የእነዚሁ ቅኝቶች ድምፅ ይሰማል።

ከአገሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዋና ዋናዎቹ አምስትን ይቆጥራሉ። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራው ሳይነካ አንድ ድምፅ፣ አራቱ ጣቶች ደግሞ አራት ድምፅ ይሰጣሉ። ዋሽንትም አራት ቀዳዳ አለው፤ ሁሉም ሲደፈኑ የሚወጣው ድምፅ ሲጨመር አምስት ይሞላል። ስድስት አውታር ያለው ክራር ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ይደግማል። መሣሪያዎቹ በአሠራር ምንም አይመሳሰሉም፤ የሚያገናኛቸው ይህ ቁጥር ነው።

የድምፅና የቁጥር ዝምድና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ከኖረው ከግሪካዊው ፓይታጎረስ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። አንድ አውታር እኩሌታው ላይ ሲያዝ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ይህ የ2 ለ1 ንጽጽር ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲርገበገብ ሲደረግ ደግሞ አምስተኛ የሚባለው ድምፅ ይወጣል፤ ንጽጽሩም 3 ለ2 ነው። ከዶ ተነስቶ በዚህ አምስተኛ አራት ጊዜ የተራመደ ሶልን፣ ሬን፣ ላንና ሚን ያገኛል። አምስቱ ድምፆች በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ሲደረደሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናሉ፤ ይኸውም ትዝታ ሜጀር ነው። እርምጃው እስከ አስራ ሁለት ከቀጠለ ግን ስሌቱ አይገጥምም፤ 3 ለ2 አስራ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 129.75 ገደማ ሲሆን፣ ሰባት ኦክታቭ ደግሞ 128 ነው። ፒያኖ ሠሪዎች ይህን ትርፍ በአስራ ሁለቱ ድምፆች ላይ እኩል አከፋፈሉት። ባለአምስት ድምፁ ትዝታ አራት እርምጃ ብቻ ስለሚበቃው ወደዚህ ችግር አይደርስም።

የቅኝቶቹ ውስጣዊ ዝምድና ግልጽ የሚሆነው በድምፆቻቸው መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር ነው። ኦክታቭ 12 ግማሽ ድምፅ አለው። በዛሬው የሙዚቃ ትምህርት አከፋፈል ትዝታና ባቲ እያንዳንዳቸው ሜጀርና ማይነር ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ትዝታ ሜጀር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 እያለ ይወጣል። ትዝታ ማይነር 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ነው። ባቲ ሜጀር 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1፤ ባቲ ማይነር 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2፤ አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4፤ አንቺ ሆዬ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3። የእያንዳንዱ ድምር 12 ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በክብ ላይ ለጻፋቸው ሰው ቅኝቶቹ እርስ በርስ ዘመዳሞች ሆነው ይገኛሉ። በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር አንድ አውታር ሳይነካበት፣ ዜማው ማረፊያውን ከዶ ወደ ላ ቢያዛውር፣ የሚሰማው ባቲ ማይነር ነው። ትዝታ ማይነርም እንዲሁ ማረፊያው ከዶ ወደ ሶል ሲዛወር አምባሰል ይሆናል። አውታሮቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚመለስበት ድምፅ ብቻ ነው። ሰሚው ግን ሌላ አገር የገባ ያህል ይሰማዋል። ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው የአምባሰልና የባቲ ሜጀር ነገር ነው። አምባሰል ወደ ላይ ሲወጣ የሚራመደው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ባቲ ሜጀር ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚራመደው ነው። አንዱ የሌላው መስታወት ነው፤ አንድም ቁጥር አይጎድልም። ሁለቱ ቦታዎች፣ አንዱ በደሴ ሰሜን ከፍታ ላይ፣ ሌላው በምሥራቅ ቆላው አፋፍ፣ በዜማም ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ። ይህን የቀመረ የሂሳብ ሊቅ አልነበረም፤ ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ምርጫው ምን ያህል ጥብቅ እንደነበረ በስሌት ይታያል። ከ12ቱ ድምፆች አምስቱን መምረጥ በ792 መንገድ ይቻላል። በክብ ላይ ሲዞሩ አንድ የሚሆኑት እንደ አንድ ከተቆጠሩ 66 ቅርፆች ይቀራሉ። ስድስቱ የቅኝት ዓይነቶች ከ66ቱ የያዙት አራቱን ብቻ ነው።

ከአራቱ ቅኝቶች አንቺ ሆዬ ብቻውን ይቆማል። በሌሎቹ ሁሉ ከመነሻው ሰባት ግማሽ ድምፅ ርቆ ያ የ3 ለ2 አምስተኛ ይገኛል፤ ዜማው የሚደገፍበት ምሰሶ እሱ ነው። በአንቺ ሆዬ 1፣ 4 እና 1 ሲደመሩ ስድስት ይሆናሉ፤ ኦክታቩ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ቀሪውም እኩሌታ 3 እና 3 ተብሎ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ኦክታቭን እኩል የሚከፍለው ንጽጽር የ2 ዳግም ዘር ነው፤ ይህም በሙሉ ቁጥሮች ንጽጽር ሊጻፍ ከቶ የማይችል ቁጥር ነው። አንቺ ሆዬ ያላረፈ፣ የሚጠይቅና የሚማጸን የሚመስለው ያ ምሰሶ ስለሌለው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

እነዚህ ነገሮች በወረቀት ላይ የሰፈሩት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ቅኝቶቹን በዘመናዊ የሙዚቃ ሳይንስ ቋንቋ ካስረዱት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ ምህንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ተልኮ ሙዚቃን መረጠ፤ ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሠራውም ባለአምስት ድምፁን ቅኝት ከምዕራቡ አስራ ሁለት ድምፅ ጋር ሳይጋጭ ማኖር ነው። በወሎ በኩል ማሪቱ ለገሰ ከላሊበላ የኪነት ቡድን ተነስታ አምባሰልንና ባቲን በመላ አገሪቱ አሰማች፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሁለቱን ቅኝቶች በጆሮው ለይቶ የሚያውቀው በእሷ ድምፅ ነው።

ቁጥሩ ሁሉን ይይዛል ማለት ግን አይደለም። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1885 የየሕዝቡን ሙዚቃ በራሱ ለመለካት ኦክታቭን በ1200 ሴንት የሚከፍል መለኪያ አስተዋወቀ። በዚህ መለኪያ የ3 ለ2 አምስተኛ 702 ሴንት ሲሆን የፒያኖው 700 ነው። ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ለዶክትሬት ያቀረበችው ጥናት ማሲንቆንና የቅኝትን ባሕርይ የሚመለከት ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ወዲህ የሙዚቃ ቡድኖችን የሞላው ኪቦርድ አንቺ ሆዬን ሁልጊዜ በ600 ሴንት እኩል ይከፍለዋል። የማሲንቆ መቺው ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለም፤ ዜማው ሲያለቅስ ጥቂት ዝቅ፣ ሲነሳ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በግራፍ ላይ ቢሰፍርም የሚታየው ነጥብ ሳይሆን የሚወዛወዝ መስመር ነው።