ስለ ድረ ገጾች ምስክርነት አጭር ታሪክ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታሰብበት በዚህ መጽሔት ጓደኞቻችን ስለ ልዩ ልዩ ታሪክ ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ዕድሜው ገና አጭር ስለ ሆነ ብዙ ሰው ከታሪክ ስለማይቈጥረው ነገር ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ይኸውም በኢንተርኔት አንድ ነገር ስንፈልግ የትኛው ድረ ገጽ ከላይ፣ የትኛውስ ከታች እንዲሆን የሚወሰንበት ሥርዓት እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደ ተለወጠ ነው።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን አንድ ትንሽ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት በታሪክ ትምህርት የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። እንደ ልማዳችን ጥያቄውን በስልክ ጽፈን፣ ከላይ የመጣውን ገጽ ከፍተን፣ ያገኘነውን ገልብጠን አቀረብን። መልሱ ስሕተት ነበረ። መምህራችን አልተቈጡንም፤ «ይህን ማን ነገራችሁ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። «ከሁሉ በላይ ያገኘነው እርሱን ነው» አልናቸው። «ከሁሉ በላይ ያስቀመጠውስ ማን ነው?» ቢሉን ሁላችንም ዝም አልን። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ላልመለስነው ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሀገራችን ሰው ሲከራከር ምስክር ይቈጥራል፤ ሲበደር ዋስ ይጠራል። እንግዳ ሰው ሥራ ሊለምን ቢመጣ «ማን ያውቅሃል?» ይባላል። የዚህ ታሪክ መነሻ አሳብም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። በአሜሪካ አገር ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ ሰው በ1873 አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከዚያ በኋላ በየትኞቹ ውሳኔዎች እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ማዘጋጀት ጀመረ። ጠበቆችም በዚህ ማውጫ አንድ ፍርድ የጸና ወይም የተሻረ መሆኑን ለማወቅ ቻሉ። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለው ሊቅ ደግሞ በ1955 ይኸው ዘዴ ለሳይንስ ጽሑፎች ቢደረግ እንደሚጠቅም «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አስረዳ፤ በ1964ም የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ይፋ አደረገ። ከዚህ በኋላ አንድ የምርምር ጽሑፍ በስንት ሌሎች ሊቃውንት እንደ ተጠቀሰ መቍጠር ተቻለ። ብዙ ጊዜ የተጠቀሰ ጽሑፍ ብዙ ምስክር እንዳለው ሰው ይታይ ጀመር።

ኢንተርኔት በስፋት ሥራ ላይ ሲውል ይህ አሳብ አዲስ ቦታ አገኘ። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ድርጅት ሲሠራ፣ ዓለም አቀፉ ድር እንዲዘረጋ በ1989 አሳብ አቀረበ፤ በ1991ም ለሕዝብ ተከፈተ። የድሩ ክር ሊንክ ነው። ሊንክ ማለት አንባቢው በነካው ጊዜ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግረው አገናኝ ነው። ይህ አገናኝ ለላኪው ገጽ ወደ ውጭ የሚወጣ ሲሆን ለተቀባዩ ገጽ ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። ከውጭ የመጣውን ባክሊንክ ይሉታል። ታሪካችንም የእርሱ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ገጾች ጥቂት ስለ ነበሩ በሰው እጅ መመዝገብ ይቻል ነበር። በ1994 ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሁ የተባለውን ማውጫ የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። ገጾቹ ሲበዙ ግን የሰው እጅ አልበቃም። በ1994 ዌብክሮውለርና ላይኮስ፣ በ1995 አልታቪስታ የተባሉ የመፈለጊያ መሣሪያዎች ተነሡ። እነዚህ ገጾችን በራሳቸው እየዞሩ ያነባሉ፤ ደረጃ የሚሰጡትም ከሁሉ ይልቅ በገጹ ላይ የተጻፉትን ቃላት አይተው ነበር። ስለዚህ አታላዮች አንድን ቃል መቶ ጊዜ መላልሰው ይጽፉ ጀመር። አንባቢው እንዳያየውም በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፉት ነበር። ይህ ሰው ስለ ራሱ እንዲመሰክር እንደ መፍቀድ ነበረ። የነገሩን ክፋት ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል፤ በኅዳር 1997 ከአራቱ ታላላቅ የንግድ መፈለጊያዎች መካከል የራሱ ስም ሲጠየቅ የራሱን ገጽ ከመጀመሪያዎቹ 10 መልሶች ውስጥ የሚያመጣው አንዱ ብቻ ነበር።

ይህን የጻፉት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ናቸው። እነርሱም የስታንፎርድ ተማሪዎች ነበሩ። በ1996 የጀመሩት መፈለጊያ በመጀመሪያ ባክራብ ይባል ነበር፤ ስሙም ባክሊንኮችን ከመመርመሩ የመጣ ነው። በ1998 ባቀረቡት ጽሑፍ 24 ሚሊዮን ገጾችን እንደ ሰበሰቡና እስከ 518 ሚሊዮን ሊንኮችን የያዘ ካርታ እንደ ሠሩ አስታወቁ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ጉግል የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ።

ዘዴያቸው ፔጅራንክ ይባላል። ዋናው አሳብ ይህ ነው፤ አንድ ገጽ ስለ ራሱ የሚናገረው አይበቃም፣ ሌሎች ስለ እርሱ የሚመሰክሩት ይታይ። ነገር ግን ምስክሮቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። ራሱ ብዙ የተመሰከረለት ገጽ ምስክርነቱ ይከብዳል፤ ማንም የማያውቀው ገጽ ምስክርነቱ ይቀላል። ደግሞም ምስክርነት በተከፋፈለ መጠን ያንሳል። አንድ ገጽ ለ2 ገጾች ብቻ ሊንክ ቢሰጥ እያንዳንዳቸው ከሚያስተላልፈው ክብደት ግማሽ ይደርሳቸዋል፤ ለ10 ቢሰጥ ግን አንድ ዐሥረኛ ብቻ ይደርሳቸዋል። ሒሳቡ ከገጽ ወደ ገጽ እየተላለፈ ቍጥሩ እስኪረጋ ድረስ ይደጋገማል። ፔጅና ብሪን ሊንክ እየተከተለ ያለ ዓላማ የሚዘዋወር አንባቢን አስበው ነበር፤ ይህ አንባቢ ከ100 ጊዜ 85ቱን ሊንክ ይከተላል፣ የቀረውን 15 ጊዜ ሰልችቶት ወደ ሌላ ወደ ማንኛውም ገጽ ይዘላል።

አሳቡ የእነርሱ ብቻ አልነበረም። ሮቢን ሊ የተባለው ቻይናዊ በ1996 ራንክዴክስ በተባለው መፈለጊያ ሊንክን ለደረጃ መስጫ አውሎ ነበር፤ በኋላም በ2000 ባይዱ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ጆን ክላይንበርግ የተባለው ሊቅ ደግሞ በዚያው ዘመን ጥሩ መንገድ ጠቋሚ የሆኑትን ገጾች ጥሩ ዐዋቂ ከሆኑት ገጾች ለይቶ የሚመዝን ዘዴ አወጣ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው፣ ብቻውን ደካማ የሆነው ክር ሲተባበር የዓለምን ጽሑፍ የሚያደራጅ ኀይል ሆነ።

ነገር ግን ሰው አንድ ሚዛን ባወቀ ጊዜ ሚዛኑን ማዛባት ይጀምራል። ጉግል በ2000 መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱን ገጽ ደረጃ ከ0 እስከ 10 የሚያሳይ መሣሪያ ለሕዝብ ሰጠ። ደረጃው በቍጥር ከታየ ዘንድ ዋጋ ወጣለት። ከፍ ያለ ቍጥር ያለው ገጽ ሊንኩን በገንዘብ ይሸጥ ጀመር። እርስ በርሳቸው ብቻ የሚመሰካከሩ ባዶ ገጾች በብዛት ተሠሩ። በሰው ጽሑፍ ሥር አስተያየት የሚሰጡ መስለው ሊንክ የሚለጥፉም በዙ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። እነዚህም ገጾች የራሳቸው ሙያ ስለሌላቸው በዘመድ ሊከበሩ ፈለጉ።

ሌላም ጕዳት ታየ። በ2003 ብዙ ሰዎች ተስማምተው «አሳዛኝ ውድቀት» የሚል ትርጕም ባላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ወደ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ የሕይወት ታሪክ የሚወስድ ሊንክ አደረጉ። ቃላቱን በጉግል የፈለገ ሁሉ ያንን ገጽ ከላይ ያገኝ ነበር፤ ቃላቱ ግን በገጹ ላይ አልተጻፉም። ብዙዎች ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ከተባበረ ማንንም በማንኛውም ስም ማስጠራት እንደሚችል አሳየ። ጉግል ይህን የሚያከሽፍ ማሻሻያ ያደረገው በጥር 2007 ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ዳኛው ምስክሮቹን መመርመር የተማረበት ታሪክ ነው። በጥር 2005 ጉግል፣ ያሁና የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስኤን ተስማምተው «ኖፎሎው» የተባለ ምልክት አወጡ። ይህ ምልክት ያለበት ሊንክ አንባቢን ያሻግራል እንጂ እንደ ምስክርነት አይቈጠርም ተባለ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በ2007 ወደ ውጭ በሚወጡት ሊንኮቹ ላይ ይህን ምልክት አደረገ። ሌብነቱ ግን አልቆመም። በየካቲት 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ መደብር ከንግዱ ጋር ምንም በማይገናኙ ገጾች ላይ በተበተኑ በሺሕ የሚቈጠሩ ሊንኮች ከፍ እንዳለ ገለጠ፤ ጉግልም ወዲያው ዝቅ አደረገው።

በሚያዝያ 24 ቀን 2012 ፔንግዊን የተባለው ማሻሻያ መጣ። ጉግል በተናገረው መሠረት ይህ ማሻሻያ ከእንግሊዝኛ ጥያቄዎች 3.1 በመቶ ያህሉን ነካ። ሊንክ የገዙ ሁሉ ተደናገጡ። ትናንት ገንዘብ ከፍለው ያስለጠፉትን ሊንክ ዛሬ «እባካችሁ አንሡልን» እያሉ ይለምኑ ጀመር። በጥቅምት 2012 ጉግል «ይህን ምስክር አልጠራሁትም» ብሎ ማስታወቅ የሚቻልበትን መሣሪያ አወጣ። ቅጣቱ ግን ከባድ ነበረ። ፔንግዊን የሚታደሰው አልፎ አልፎ ብቻ ስለ ነበር፣ ጥፋቱን ያረመ ሰው እንኳ እስኪታይለት ድረስ ብዙ ይጠብቅ ነበር፤ ከጥቅምት 2014 እስከ መስከረም 2016 ሁለት ዓመት ያህል አልታደሰም። በመስከረም 2016 ሥርዓቱ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ዘወትር የሚሠራ ሆነ፣ የሐሰት ሊንክንም በመቅጣት ፈንታ ከቍጥር ማውጣትን መረጠ። በዚያው ዓመት ከ0 እስከ 10 ያለው ቍጥር ለሕዝብ መታየቱ ቀረ። በ2019 ደግሞ የኖፎሎው ምልክት ፍጹም ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ጥቆማ ብቻ ሆነ።

በዚህም መካከል መሣሪያው ራሱ ጽሑፍን መረዳት እየተማረ ሄደ። በ2015 ራንክብሬይን፣ በ2019 በርት የተባሉት ዘዴዎች የጥያቄውንና የገጹን ቃላት አሳብ ለማመዛዘን ሥራ ላይ መዋላቸው ተነገረ። ስለዚህ የሊንክ ክብደት እየቀነሰ መጣ። በ2016 አንድ የጉግል ሠራተኛ ሊንክና የገጹ ይዘት ሁለቱ ዋና መመዘኛዎች መሆናቸውን ተናግሮ ነበር፤ በ2023 ግን ሌላ የኩባንያው ሠራተኛ ሊንክ ከሦስቱ ዋናዎች መካከል አለመሆኑን ገለጠ። ሊንክ አልተሻረም፤ ገጽ ከገጽ የሚገኝበት መንገድ ዛሬም እርሱ ነው። ነገር ግን ከብቸኛ ዳኝነት ወርዶ ከብዙ ምስክሮች አንዱ ሆነ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልስ አለን። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው አይነበብም ነበር፤ የማይነበበውንም መፈለጊያው ሊያገኘው አይችልም። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ የሚሠራጨው በቴሌግራምና በፌስቡክ፣ ወይም በፎቶግራፍ መልክ ነው። ጸሐፊዎቻችንም የወሰዱበትን ገጽ በሊንክ መጠቆም እምብዛም አይወዱም። ምስክሮች ጥቂት በሆኑበት ቦታ ደግሞ የሐሰት ምስክር ይከብዳል፤ በ1000 እውነተኛ ሊንኮች መካከል 5 የተገዙ ሊንኮች ምንም አይለውጡም፣ በ10 መካከል ግን ፍርዱን ያዛባሉ። እንግዲህ ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የእኛ ዝምታም አለበት።

እንግዲህ ወደ መምህራችን ጥያቄ እንመለስ። ያን ገጽ ከላይ ያስቀመጠው ማን ነው? በከፊል ወደ እርሱ የጠቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ምናልባትም ከእነርሱ መካከል ተገዝተው የመሰከሩ ይኖራሉ፤ የቀረውን የፈረደው ልብ የሌለው መሣሪያ ነው። ከእነዚህ አንዱም «ይህ እውነት ነው» አላለንም። ሊንክ «ይህን እይ» ይላል እንጂ «ይህን እመን» አይልም። እመኑ ያልነው እኛው ራሳችን ነን።

ስለዚህ ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሁለት ነገር አደራ እንላለን። ስታነቡ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ጻፈው፣ በቤተ መጻሕፍታችን ካሉት መጻሕፍት ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ጠይቁ። ስትጽፉም የወሰዳችሁበትን ቦታ ሳታፍሩ ጠቁሙ፤ የሚገባውን ጽሑፍ መጠቆም ለቋንቋችን እውነተኛ ምስክር መሆን ነውና። እኛ የዚያን የቤት ሥራ ማርክ አላገኘንም፤ ጥያቄውን ግን ይዘን እንወጣለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።