የደብረ ታቦር ጭስ

የደብረ ታቦርን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ነገሥታቱንና መሳፍንቱን ይቆጥራል፤ ራስ ጉግሣ፣ ራስ አሊ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ዐፄ ዮሐንስ። እኔም ጡረታ እስክወጣ ለተማሪዎቼ ስቆጥር ኖሬአለሁ። አስም ከልጅነቴ ስላልተለየኝ ግን ለብቻዬ የያዝኩት ሌላ ታሪክ አለኝ፤ የጭስ ታሪክ። ደጋ ላይ ጭስ ባለውለታ ነበር። ቤት ያሞቃል፣ ጋን ያጥናል፣ ከቡናው ጋር እንግዳ ይቀበላል፣ ሲብስም በሽታ ያባርራል ይባልለታል።

የአካባቢያችን የፋርጣ ጎጆ ጭስ መውጫ ያልነበረው ባለቤቱ ሰንፎ አይደለም። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ሆኖ ከወደ ምሥራቅ ይመለከተናል። ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር ማን ሙቀቱን በቀዳዳ ይሰዳል? ጭሱ በክዳኑ ሣር መሀል እየተሹለከለከ ይወጣል፤ እግረ መንገዱንም ጣሪያውን ከተባይ ይጠብቃል፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የበቆሎ ዘር ከነቀዝ ያድናል።

የአያቴን ማጀት አልረሳውም። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነድ ነበር፤ ኩበቱ ክረምት ሲረጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይመጣል። ቅጠሉ ከሁሉ ይከፋል። ቦግ ብሎ ይነድና ድርግም ይላል፤ ከዚያ ነጭ ጭስ ከምጣዱ ሥር እየተንከባለለ ይወጣል። "ውጣ ልጄ፣ ያፍንሃል" ትለኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ምጣዷን ታስሳለች። ስወጣ ደጅ የሚቀበለኝ የጉና ብርድ ነው፤ እሱም ያፍነኛል። ስመለስ የምተኛው አጎዛ ላይ፣ የምለብሰው ባና፣ ጎረቤቶቼ ከግርግዳው ማዶ የሚያድሩት በጎች ነበሩ። ጭስ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ አቧራ፣ የእንስሳ ፀጉር፣ ጉንፋን፤ ሐኪም ቤት ቀስቃሽ ብለው የሚዘረዝሩት ሁሉ እኛ ቤት ተሟልቶ ነበር። የአስም በሽተኛ የአየር ቧንቧው ውስጡ እንዳበጠ፣ እንደተቆጣ ነው የሚኖረው። ቀስቃሹ ሲመጣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል፣ አክታው ይወፍራል፤ ትንፋሽ ሲያስወጡ የሚሰማው ሲርሲርታ የዚያ ጥበት ድምፅ ነው።

ጭስ ብቻውን አስም ያመጣል ብዬ ግን አልፈርድበትም። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የታተመው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ማግኘቱን ጽፏል። ጥፋቱ የጭስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጭስ የሞላው የገጠር ጎጆ ከተማውን በበለጠ ነበር። ጭስ ያደረውን የሚቀሰቅስ ነው፤ አስም ለሌለባት ጋጋሪም ቢሆን ዕድሜ ልኳን ሳንባዋን ይጎዳል።

ከጎጆው ጭስ ወደ መድፍ ማቅለጫው ጭስ፣ ወደ ጋፋት ልውሰዳችሁ። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በዚያ ሥፍራ፣ ከስዊዘርላንዷ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና የመጡ ሚስዮናውያን፣ እነ ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀልጡ ነበር። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣው ከዚያ ነው። ነሐስ ለማቅለጥ ከሰል ያስፈልጋል፣ ለከሰል ደግሞ ደን። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ መድፋቸውን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ሄዱ። ይህን ሳስተምር ልጆቹ ስለ መድፉ ይጠይቁኛል። እኔ የማስበው የዚያን ዕለት ሕዝቡ መሀል ስለነበሩት ትንፋሸ ቁርጦች ነው።

የሚገርመው አውሮፓም በዚያ ዘመን አስምን የሚያክመው በጭስ መሆኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ሐኪሞች ከሕንድ የተማሩትን ይዘው፣ የአስተናግርን ዘመዶች ቅጠል አድርቀው ያስጨሱ ነበር። አስተናግር እኛም ሰፈር አጥር ሥርና ቆሻሻ መጣያ ላይ ይበቅላል። በውስጡ ያለው አትሮፒን የአየር ቧንቧን ያላላል፤ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ግን ያሳብዳል፣ ይገድላልም፤ ማንም እንዳይሞክረው።

ያለ እሳት ወደ ሳንባ የሚገባው መድኃኒት፣ እኛ ፓፍ የምንለው፣ የመጣው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ሳልቡታሞል በ1969፣ እብጠቱን የሚያበርደው ቤክሎሜታዞን በ1972 ተከተሉ። ልዩነታቸው ያልገባው ብዙ ሰው አለ። ሰማያዊው ሳልቡታሞል ጡንቻውን ለጥቂት ሰዓት ይፈታል፤ እብጠቱን አይነካውም። ሁለተኛው ወዲያው ምንም የሚያሳይ ነገር የለውም፤ ደህና በተሆነበትም ቀን ሲወሰድ ነው የሚሠራው። "ፓፍ ሱስ ያስይዛል" እያሉ ሁለተኛውን ጥለው በሰማያዊው ብቻ የሚኖሩ ጎረቤቶች አሉኝ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከም ይመክራል። ሱስ የሚባል ካለ፣ ሰማያዊውን በየሰዓቱ መፈለጉ ነው፤ እሱም በሽታው ከቁጥጥር መውጣቱን ይናገራል።

አስም ላለባት የወንድሜ ልጅ የፓፉን መድኃኒት የምትስብበትን መሳቢያ የሠራሁላት በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። የግማሽ ሊትሩን ቂጥ በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ በሳሁት፣ ፓፉን ሰካሁበት፣ ዙሪያውን በማጣበቂያ ደፈንኩት። ልጅቷ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ግጥም አድርጋ ይዛ፣ አንዴ ተጭነንላት ቀስ እያለች ትተነፍሳለች። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እንዲህ ያለው ጠርሙስ ከሚገዛው እንደማያንስ በ1999 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

አሁን የምሟገተው በህዳር ጭስ ነው። ህዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. አገር ከፈጀው የህዳር በሽታ ወዲህ ነው ይባላል። ወሩ እኛ ዘንድ የአውድማ ወር ነው፤ እብቁ በነፋስ ይመጣል፣ ጠዋቱ ደረቅ ብርድ ነው፣ ጭሱ ይታከልበታል። ድሮ የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ፌስታልና የመኪና ጎማ ነው። ለዕድራችን ይህን ሳነሣ ዳኛው "መምህር፣ ህዳር ሳይታጠን ምኑን ህዳር ሆነ?" አሉኝ። ተከራክረን ፌስታሉና ጎማው ተለይቶ እንዲነሣ፣ ቅጠሉ ግን እንዲታጠን ተስማማን። አሁን የቀረን ፌስታሉን የሚለቅም ሰው ማግኘት ነው።