ያዘመመው ፊደል

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ምግብ ቤት አዲስ ባነር ተሰቀለ። ፊደሉ ወፍራም፣ ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ጥጉ ሁሉ የተድበለበለ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሲታይ ያምራል። ሁለተኛ ክፍል የገባችው ልጇ ቆም ብላ አነበበችው፦ «ምግብ ቢት»። ሳቅን። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ልጅቷ ልክ ናት። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ተደፍና ሰረዝ ሆናለች።

ያዘመመ ፊደል ሲጀመር የኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1501 ቬኒስ ውስጥ አልዶ ማኑዚዮ የቨርጂልን ግጥሞች በእጅ በሚያዝ ትንሽ መጠን ሲያትም ፍራንቼስኮ ግሪፎ የቀረጸለት ነው፤ መነሻው ቶሎ ቶሎ የሚጻፍ የእጅ ጽሕፈት። ያኔ ጠባብ ነበር እንጂ ሰፊ አልነበረም። ሰፊና ወፍራሙ ማስታወቂያ ሲበዛ፣ ኋላ የመጣ ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1513፣ ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው፤ ፊደሉም ቀጥ ብሎ የቆመ። ብራና ላይም ያው ነው። የኛ ጸሐፊዎች አንድን ስም ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ ፊደሉን አያዘሙትም፣ ቀይ ቀለም ያነሳሉ። የእመቤታችንን ስም ብራና ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ እኛ ጋ ማዘመም ከየት መጣ? እኔ ከመኪና ነው እላለሁ። ቢሾፍቱ የመንገድ ከተማ ናት፤ ያኔ ወደ አዳማ የሚወርደው በሆዷ ያልፍ ነበር። ልጅ ሆኜ፣ ገና ደብረ ዘይት እያልናት፣ አንድ ጋሼ የጭነት መኪና በር ላይ ሲጽፉ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። መጀመሪያ በጠመኔ ሁለት አግድም መስመር ያሰምራሉ፣ ከዚያ ዘንበል ያሉ ስስ መስመሮች። ፊደሉን ሲያወፍሩ ቀለበቷን ከእግሩ ገፋ አድርገው፣ ከልኳ ተለቅ አድርገው ነበር የሚሥሏት። መሃሏ ክፍት እንዲቀር። «ሹፌሩ እየበረረ ማንበብ አለበት» ይሉኝ ነበር።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቁቤ ሲመጣ ደግሞ ሥራው እጥፍ ሆነባቸው። ላቲኑ ማዘመም ለምዷል፣ ጎኑ የሚቆመው አማርኛ ግን እንዳያንስ በእጅ መለጠጥ ነበረበት። ይህን ያደርጉ ነበር፣ ያውም በዓይን ልክ ብቻ።

ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። አብዛኞቹ የአማርኛ ፎንቶች ቀጥ ያለውን ቅርጽ ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። ማዘመሚያውን ስትጫን ፊደሉን በጅምላ ይገፋዋል፣ ማወፈሪያውን ስትጫን ደግሞ ዙሪያውን ሁሉ እኩል ያደልበዋል። መጀመሪያ የምትሞተው ቀለበቷ ናት። ቤ ቢ ይሆናል፣ ሴ ሲ ይሆናል።

ባነሩን የሠራውን ልጅ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ደንበኛ ወፍራም ነው የሚወደው» አለኝ። እህቴም ከፍላ ጨርሳለች፣ አይወርድም ብላለች። ወረቀት ቆርጬ ቀለበቷ መሃል ላይ ነጭ ነጥብ ለጥፌባታለሁ፤ ዝናብ እስኪመጣ ይበቃል።

የድሮ የደብረ ዘይት ሱቅ ወይም የመኪና በር ጽሑፍ ፎቶ ያላችሁ እስኪ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ።