አረቄ በጉልት ሲሸጥ፦ ከለንደን ታሪክ ለእናቶችና ለአባቶች

በእርግዝና ክትትል ላይ እናቶች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ፤ «ዶክተር፣ ለበዓል አንድ መለኪያ ብቀምስ ልጄን ይጎዳዋል?» መልሱ አጭር ነው፤ ለነፍሰ ጡር «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባል የአልኮል መጠን የለም። ታሪኩ ግን ረጅም ነው። ሐኪሞች ይህን ስጋት ለመንግሥት ያቀረቡት ከዛሬ 300 ዓመት በፊት ነው። ክርክሩም ያኔ ስለ መለኪያና ስለ ጉልት ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ስለገጠመች የፈረንሳይ ብራንዲ እንዳይገባ አገደች። በምትኩ በ1690 ከአገር ውስጥ እህል አረቄ ማውጣት ለብዙዎች ተፈቀደ። ለእህሉ ገዢ ተገኘ፣ ባለርስቱ ተጠቀመ፣ መንግሥትም ቀረጥ ሰበሰበ። ጂን የሚባለው አረቄ ረከሰ። በመጠጥ ቤት ብቻ ሳይሆን በጉልት፣ በጋሪ፣ በትንንሽ ሱቆችና በመንገድ ዳር በመለኪያ ይቸበቸብ ጀመር። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ ያጡ ድሃ ሴቶች ነበሩ።

በ1726 የለንደን ሐኪሞች ማኅበር ለፓርላማ አቤቱታ አስገባ። ሐኪሞቹ ካነሷቸው ጉዳቶች አንዱ ሕፃናትን ይመለከታል፤ ከጠጪ ወላጆች የሚወለዱ ልጆች ደካማና በሽተኛ እየሆኑ ነው አሉ። ላቦራቶሪም አልትራሳውንድም አልነበራቸውም። የነበራቸው በየቀኑ የሚያዩት ሕመምተኛ ነው።

ፓርላማው ሁለት ጊዜ ሕግ ካወጣ በኋላ በ1736 ጠንከር ያለውን አወጀ። ከ2 ጋሎን (7 ሊትር ተኩል ገደማ) በታች መሸጥ የሚችለው በዓመት 50 ፓውንድ ከፍሎ ፈቃድ ያወጣ ብቻ ሆነ። ይህ ለጉልት ሻጭ የማይታሰብ ገንዘብ ነው። በየመንገዱ እያዞሩ መሸጥም ያስቀጣ ነበር።

ታዲያ ሰው መጠጣቱን ተወ? አልተወም። ፈቃዱን ያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሕጉ ለሕመምተኛ የሚታዘዝ መድኃኒትን ስለማይከለክል፣ አንዳንዶች ጂኑን በጠርሙስ ሞልተው «የሆድ ቁርጠት መድኃኒት» እያሉ ሸጡት። ደድሊ ብራድስትሪት የተባለ ሰው ደግሞ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ የተከራየው ቤት መስኮት ላይ የድመት ምስል ሰቀለ። ገዢው ሳንቲሙን በድመቷ አፍ ይከታል፤ ብራድስትሪት ከውስጥ ሆኖ ጂኑን በእግሯ ሥር በተደበቀ ቱቦ ይለቃል። ሻጩ ስለማይታይ ማን ይከሰስ? ሻጮችን የሚጠቁም ሰው ሽልማት ያገኝ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ ጠቋሚዎችን ይዞ ይደበድብ ነበር፤ በዚያው የሞቱም አሉ። በ1743 ሕጉ ተሻረ። በዚያ ዓመት ወደ 8 ሚሊዮን ጋሎን የሚጠጋ አረቄ ተጠጣ።

በ1751 ግን ሌላ መንገድ ተሞከረ። ሠዓሊው ዊሊያም ሆጋርት፣ የሰከረች እናት ሕፃኗ ከእጇ ሲወድቅ እንኳ ልብ ሳትል የምትታይበትን ዝነኛ ሥዕሉን ያወጣው በዚሁ ዓመት ነው። አዲሱ ሕግ ዓይኑን ወደ ምንጩ አዞረ። አረቄ አውጪዎች ራሳቸው በችርቻሮ እንዳይሸጡ፣ ፈቃድ ለሌለው ነጋዴም እንዳያከፋፍሉ ከለከለ። በእስር ቤትና በድሆች መጠለያ መሸጥም ተከለከለ። ከ20 ሺሊንግ በታች የሆነ የአረቄ ዱቤ በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ ተደረገ። ከዚያ በ1757 አዝመራው ሲበላሽ ከእህል አረቄ ማውጣት ለጊዜው ታገደ፤ ዋጋውም ናረ። ከ10 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ የሚጠጣው መጠን ወደ ሩብ ገደማ ወረደ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ። ድሃዋን ሻጭ ብቻ ማሳደድ መጠጡን ጓዳ አስገባው እንጂ አላስቆመውም። ለውጥ የመጣው አምራቹ ሲጠየቅና መጠጡ እንደ ልብ መገኘቱ ሲቀር ነው።

የሐኪሞቹ ሐሳብስ? ለረጅም ጊዜ ተዘነጋ። በ1968 በፈረንሳይ፣ በ1973 ደግሞ በአሜሪካ፣ ሐኪሞች ከሚጠጡ እናቶች የተወለዱ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ምልክቶች አገኙ፤ የዕድገት መቀጨጭ፣ ለየት ያለ የፊት ቅርጽና የአእምሮ ዕድገት ችግር። ዛሬ ይህ ጉዳት ስም አለው፤ መከላከል ይቻላል፤ ከደረሰ በኋላ ግን አይድንም።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። አዋጁ ግን እያንዳንዱ ጓዳ ገብቶ አይቆጣጠርም። የጓዳው ነገር የእኛ ነው። ስለዚህ፦

• ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም፣ አረቄም ይቅር። ሳታውቁ ጠጥታችሁ ከሆነ አትደንግጡ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማቆም ይጠቅማል፤ ለሐኪማችሁም ንገሩ።

• ለጉንፋን ወይም ለሆድ ቁርጠት ብላችሁ ለልጅ አረቄ አትስጡ። ትንሽ መጠን እንኳ የሕፃንን የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል።

• አረቄን በውኃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። በተለየ ጠርሙስ አድርጋችሁ ከፍ ያለ፣ የሚቆለፍ ቦታ አኑሩት።

• ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ «ተኝቶ ይለቀዋል» ብላችሁም አትጠብቁ። ወዲያውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዱት።

• አረቄ እንዲገዛ ልጅ አትላኩ።

ይህን ጽሑፍ በቤቷ ነፍሰ ጡር ላለች እህት አጋሩልኝ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።